ፊት የሚያሳይ ኮምፒውተር

ጥሩሸዋ የገዛ ድምፅዋን የሰማችው ከግድግዳው ወዲያ ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገና አልሞላም። የስፌት መኪናዋን ሽፋን አንሥታ፣ ለደንብ ልብስ የተቆረጠ ሰማያዊ ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ክር ለማስገባት መርፌው ላይ አጎንብሳለች። ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው የኮምፔንሳቶ እንጨት ግድግዳ ስስ ስለሆነ ታላቅ ወንድሟ ወልደ ሥላሴ ሲያስልም፣ ሲጸልይም፣ በርጩማ ሲስብም ሁሉ ይሰማታል። የዛሬው ግን ሌላ ነው። «ወዳጆ፣ ረጋ በል፤ ጉድጓዱ ጥሎህ አይሄድም» አለች አንዲት ሴት። ወንድሟ ሳቀ። ሴትዮዋ ቀጠለች፤ «እንዲህ እየዘለልክ የማን ቤት ልትደርስ ነው? ሰው እኮ ጠርቶህ አይደለም።» ጥሩሸዋ ክሩን በጥርሷ እንደያዘች ቀረች። ይህን ያለችው እሷ ራሷ ናት፤ የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ እዚሁ ዘመሮ፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ ከአሮጌው የካሴት ጌም ፊት ተቀምጣ። ወዳጆ የምትለውም በጌሙ ውስጥ ከጉድጓድ ጉድጓድ የሚዘለውን ቀይ ሱሪ የለበሰ ድንክ ነው። ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት። ከዚያ የወጣት ወንድ ድምፅ ተከተለ። መሳፍንት ነው፤ የወልደ ሥላሴ ልጅ፣ እናቱ ከሞተች ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ እሷ ያሳደገችው፣ አሁን አዲስ አበባ የሚሠራው። «የመንዟን እትዬ ድምፅ ማን ነው የሚያወጣው እያላችሁ ለምትጠይቁኝ» አለ፣ «እኔው ነኝ፤ ማንም የለም። ልምምድ ነው። ከወደዳችሁት ለሌላውም አጋሩልኝ።»

ጨርቁን ከጉልበቷ አንሥታ ወደ ወንድሟ ክፍል ገባች። ወልደ ሥላሴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ስልኩን ጋቢው ውስጥ ከቶታል፣ ጋቢው ውስጥ ግን አሁንም ሙዚቃ ይሰማል። «ጋሼ፣ ምን እየሰሙ ነው?» አለችው። «ዜና ነው» አለ፣ «ያው ዜና።» ሙዚቃው እስኪያበቃ እሷ ፊቱን አየች፤ እሱ በሩን። ሁለቱ ወንድምና እህት በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር ከጀመሩ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ምን ጊዜ ዝም ማለት እንዳለባቸው ተለማምደዋል። ብዙ ጊዜ ዝምታው ለሁለቱም ይመቻል። አሁን ግን ቆማ ስትጠብቀው «ብርዱ ጠንከር ብሏል» ከማለት ሌላ ከአፉ አልወጣም። ተመልሳ መጣች። መርፌው ላይ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ እንደገና ተቀመጠች። ክሩ አልገባ አላት።

ነገሩ የጀመረው ልጁ ለገና በዓል መጥቶ ሳለ ነው። መሳፍንት ከኋላዋ ቆሞ ስትጫወት በስልኩ ቀረጻት። ጌሙን ከዓመታት በፊት ቤቷ ተከራይቶ የነበረ አትናቴዎስ የሚባል መምህር ሲዛወር ትቶላት ነው የሄደው፤ እሷም ዓይኗ ከስፌት ሲደክም እየከፈተች፣ ለወዳጆ እየተቆጣች፣ እየመከረች፣ አንዳንዴም እያለቀሰችለት ትጫወታለች። መሳፍንት በሳቅ ፈርሶ «እቴቴ፣ አንቺኮ ጉድ ነሽ» አላት፤ ሲሄድም እየቀረጸች እንድትልክለት ለመናት። «ለኔ ብቻ፤ ስትናፍቂኝ እሰማዋለሁ።» ስልኳን በዳዊት መጽሐፏ ደገፍ አድርጋ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ አዙራ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ላከችለት። ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል፤ ጥቁር መስመር ከላይ ወደ ታች ይወርድበታል። ልጁ ጥርት ያለ ነገር ይይ ብላ ነበር ኮምፒውተር ለመግዛት ያሰበችው። ከስፌቱ ሃያ ስድስት ሺህ ብር አጠራቅማ የትኛው እንደሚሻል ሦስት ጊዜ ጠየቀችው፤ ሦስት ጊዜም «ትንሽ ቆዪ፣ እኔ አመጣልሻለሁ» አላት። ለምን እንዳቆያት አሁን ገባት፤ ኮምፒውተር ካላት የራሷን ራሷ ልታወጣው ነው። ሳጥኗን ከፍታ ብሩን በመሀረብ ቋጥራ ብብቷ ውስጥ ከተተች፣ ነጠላዋን አጣፋች። ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ «ወዴት ነው?» አላት። «መሐል ሜዳ። ኮምፒውተር ልገዛ።» አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ቆመ። ጥሩሸዋ ሁለት ጊዜ ወርዳ ሁለት ጊዜ ወጣች። መንገድ ላይም እግሯ አላርፍ ብሎ የፊት ወንበሩን ሲመታ አንዲት ሴት ዞር ብላ አየቻት። የገብሱ ማሳ በመስኮቱ ሲያልፍ እሷ የምታስበው ድምፅ እንዴት እንደሚሰረቅ ነው። በግ ቢሆን ጆሮው ላይ ምልክት አለው። ጨርቅ ቢሆን ስፌቱን ታውቀዋለች፤ በገበያ መሐል የራሷን ኪስ አሰፋፍ ከሩቅ ትለየዋለች። ድምፅን ግን የኔ ነው ብሎ ማን ፊት ይቆማል? መሐል ሜዳ ስትደርስ ገበያው ደምቆ ነበር። የጓሳ ሣር የተጫኑ አህዮች መንገዱን ዘግተው ለማለፍ ቆማ ጠበቀች። ወልደ ሥላሴ በጉልምስናው ዘመን ጓሳን፣ የአገሩን የወል ሣር ምድር፣ ከሚጠብቁት አንዱ ነበር። ማጨጃው ቀን ሳይደርስ ሣር ያጨደ የአጎታቸውን ልጅ ማጭድ ነጥቆ፣ ሰውዬውን እየነዳ ሽማግሌዎቹ ፊት አቁሞታል፤ ዘመድ ምን ይለኛል አላለም። ዛሬ ጠዋት ግን ስልኩን ጋቢው ውስጥ ከተተ። ይህን ስታስብ ከልጁ ይልቅ በአባትየው ተናደደች፤ ንዴቷም እግሯን አፈጠነው።

መጀመሪያ የገባችበት ሱቅ ትልቅ መስተዋት ያለው ነው። ባለቤቱ ይሥሐቅ እባላለሁ አለ፤ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ወንበር የሚያቀርብ፣ ትሑት ሰው። «ማዘር፣ ለልጅዎት ነው?» አላት። «ለራሴ ነው። ጌም የምጫወተውን ልቀርጽበት።» ሰውዬው ፈገግ አለና ከሁሉም የሚያብረቀርቀውን አወረደላት። ፊደሎቹ በቀይና በአረንጓዴ ይበራሉ። «ጌም ከሆነ ከዚህ በታች አይሆንም። ስልሳ ስምንት ሺህ፤ ለእርስዎ ስልሳ አምስት።» ጌሟ የካሴት እንደሆነ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተሠራ እንደሆነ ልታስረዳው ሞከረች፤ እሱ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ማቀዝቀዣ ያወራል። ድንገት አንድ ነገር ትዝ ብሎት ስልኩን አወጣ። «ለካ እንደዚህ ልጅ ያለ ልትሠሪ ነው! አንድ የአዲስ አበባ ልጅ አለ፤ እንደ መንዝ ባልቴት እያወራ ይጫወታል። ወዳጆ የሚለውን አላየሽም?» አንቱታው በሳቁ መሐል ጠፋ። ድምፅዋ ከሱቁ የመስተዋት ግድግዳ ጋር እየተጋጨ መጣ። ሁለት ገበያተኞች ተጠግተው ይስቁ ጀመር።

«ድምፁ የኔ ነው» አለች ጥሩሸዋ።

«የማን?»

«የኔ። ልጁ የወንድሜ ልጅ ነው። ያወራሁት እኔ ነኝ።»

ይሥሐቅ ወደ ገበያተኞቹ ዞር ብሎ ዓይኑን ጠቀስ አደረገ። «እስቲ በይው።» ለምን እንዳለችው አታውቅም፤ አለችው። «ወዳጆ፣ ረጋ በል» አለች፣ በደረቀ ድምፅ፣ በሰው ፊት፣ ጌሙ በሌለበት። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ይሥሐቅም ከልቡ ተገርሞ «በጣም ታስመስያለሽ» አላት፤ «ትንሽ ብትለማመጂ ከሱ አታንሺም።» ጥሩሸዋ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ውጭ ከወጣች በኋላ ምን ያህል መንገድ እንደሄደች አታውቅም። የበግ ተራውን አልፋ፣ በርበሬ ተራውን አልፋ፣ ተመልሳ በበግ ተራው መጣች። ጆሮዋ ውስጥ የቀረው ሳቁ ቢሆን ይሻላት ነበር። የቀረው ግን ሙገሳው ነው።

ስልኳ የጠራው ያን ጊዜ ነው። መሳፍንት ነበር። «እቴቴ፣ አባዬ ነገረኝ» አለ። ወልደ ሥላሴ ለእሷ ያልተነፈሰውን ለልጁ ደውሎ ነግሮታል። ልጁ በፍጥነት ያወራል። ገጹ የሱ እንደነበር፣ መጀመሪያ ለቀልድ እንዳወጣው፣ ሰው ሲወደው መመለስ እንዳቃተው፣ አንድ የሳሙና ነጋዴም ማስታወቂያ ሊሰጠው እንደሆነ። «ለፋሲካ ጥሩ ኮምፒውተር ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ያንቺን ብር አትንኪው። አንቺ ዝም ብለሽ እንደ ድሮው ላኪልኝ። ሰው እኮ ማን እንደሆንሽ ቢያውቅ አይሰማሽም፤ የሚገርማቸው ወንድ ልጅ መሆኑ ነው።» ጥሩሸዋ ከአንድ የሸክላ ሻጭ ድንኳን ሥር ቆማ አዳመጠችው። ድምፁ ትንሽ ልጅ ሳለ ትኩሳት ሲይዘው የነበረውን ይመስላል። ያን ጊዜ ፋሲካን መጠበቅ ትችል ነበር። መሳፍንት የገዛውን ኮምፒውተር ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ፣ ጥርት ያለ ሥዕል ልካለት፣ ቤቱም ሰላም ውሎ ያድር ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «ዝም ማለት ስትችል፣ ድምፁን የማወጣው እኔ ነኝ ያልከው ለምንድን ነው?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«ስለጠየቁኝ ነው» አለ መሳፍንት።

«እኔም ጠይቄህ ነበር። ሦስት ጊዜ። በል ደኅና ዋል፣ ልጄ።» ስልኩን ዘጋችው።

ሁለተኛው ቦታ ሱቅ አይሉትም፤ ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጥር ጋር የተጠጋች የቆርቆሮ ክፍል ናት። በሯ ላይ «ኮምፒውተርና ስልክ እንጠግናለን» የሚል ተጽፏል። ውስጥ ሠላሳ ያልሞላት፣ ህሊና የምትባል ሴት የተፈታታ ስልክ ላይ አጎንብሳለች። ቀና ብላ አየቻትና የያዘችውን መበየጃ አስቀመጠች። ጥሩሸዋ ጌም ስትጫወት ለመቅረጽ ኮምፒውተር እንደምትፈልግ ነገረቻት፤ ህሊናም ለማን ነው ብላ አልጠየቀችም። «ምን ላይ ነው የሚጫወቱት? ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ስንት ጫፍ አለው?» አለች። ሦስት፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ። «ጥሩ። እንግዲያው ጌሙን የሚያጫውተው ራሱ ካሴቱ ነው፤ ኮምፒውተሩ ተቀብሎ ማስቀመጥ ብቻ ነው ሥራው። ብርቱ አያስፈልግዎትም። ብዙ ብር የሚጠይቅዎት ካለ የማያስፈልግዎትን ነው የሚሸጥልዎት።» ጥሩሸዋ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠች።

ህሊና ሦስት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች አወጣች። አንደኛው አሥራ አራት ሺህ ነው፤ ስትከፍተው እስኪነሣ ሁለቱ ስለ ብርዱ አውርተው ጨረሱ። «ይሄ ሥዕሉን እየጎተተ፣ እየቆራረጠ ነው የሚቀርጽልዎት» አለችና ራሷ መልሳ ዘጋችው። ሁለተኛው የጠረጴዛ ነው፤ አሥራ ሰባት ሺህ፣ ፈጣን፣ ሰፊ ማስቀመጫ ያለው። «ለቀረጻ ከሦስቱ ይሄ ይሻላል፤ ባትሪ ግን የለውም። መብራት ብልጭ ካለ እስከዚያ የቀረጹት በሙሉ ይጠፋል።» ሦስተኛው ክዳኑ የተጫጫረ፣ አንዱ ጥጉ የተሸረፈ ላፕቶፕ ነው። ራሙ ስምንት ጊጋ፣ ባትሪው ሃያ ደቂቃ፣ ሃያ ሦስት ሺህ አምስት መቶ። «ሃያ ደቂቃ ምን ያደርግልኛል?» አለች ጥሩሸዋ። «ቴሌቪዥንዎትም ጌሙም በመብራት ነው የሚሠሩ፤ መብራት ሲሄድ ጨዋታው ያልቃል። ኮምፒውተሩ ግን የያዘውን አስቀምጦ ለመተኛት ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል።»

«ፊት የሚያሳየው የቱ ነው?»

«ካሜራ ማለትዎ ነው? ላፕቶፑ አለው። የግድ ነው እንዴ? ካሜራው ቢቀር ስድስት ሺህ አምስት መቶ ያተርፋሉ።»

«የግድ ነው» አለች ጥሩሸዋ፤ ከዚያ እንዳላሰበችው ጨመረች፤ «ድምፄን ሰው ወስዶታል። አስመሳይ ተባልኩ።»

ህሊና ማን ወሰደው አላለችም። ትንሽ አሰበችና ከመሳቢያዋ ጣት የምታህል ጥቁር መሣሪያ አወጣች፤ ሥዕሉን ከሦስቱ ገመዶች ተቀብላ ለኮምፒውተሩ የምታቀብል ናት። ከአሮጌ ዲቪዲ ጋር አገናኝታ አሳየቻት። «ኮምፒውተሩን እያዩ ግን አይጫወቱ። በዚህ በኩል ሥዕሉ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ ሲዘሉ ወድቀው ያገኙታል። ይቺን ማከፋፈያ ይሰኩና ቴሌቪዥኑን እያዩ ይጫወቱ።» ቀጥላም የካሜራውን ሥዕል ጥግ ላይ አወጣችው። ጥሩሸዋ በትንሽዋ መስኮት ውስጥ አንዲት ግንባሯ የተቋጠረ ሴት አየች። «ሲቀርጹ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቁረጡት» አለች ህሊና። «ጉሮሮዎትን ቢጠርጉም፣ ሰው ቢገባም ይተዉት። ከከንፈርዎ ጋር አብሮ የሚሄድ ድምፅ አስመሰለች አይባልም።» ዋጋው ላይ ብዙ አልተከራከሩም። ላፕቶፑን በሃያ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ፣ መሣሪያዋንና ማከፋፈያውን በሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሰጠቻት። የቱን የት እንደምትሰካም በእስክርቢቶ ሥላ በወረቀት ላይ አሰፈረችላት።

ዘመሮ የደረሰችው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ላፕቶፑን በነጠላዋ ጠቅልላ መንገዱን ሙሉ ጭኗ ላይ ይዛው ስለመጣች እግሯ ደንዝዟል። ወልደ ሥላሴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ተገኘ?» አላት። «ተገኘ» አለችው። አልፋው ገባች። የስፌት መኪናዋን ወደ ግድግዳው ገፍታ ጠረጴዛውን ባዶ አደረገች። ወረቀቱን እያየች ቢጫውን በቢጫ፣ ቀዩን በቀይ ሰካች፤ ሁለት ጊዜ ተሳስታ ሁለት ጊዜ ነቀለች። ወዳጆ ቴሌቪዥኑ ላይ ሲወጣ ከትንሽ ቆይታ በኋላ ኮምፒውተሩም ላይ ወጣ፣ ጥርት ብሎ፣ ያ ጥቁር መስመር ጠፍቶ። የመቅረጫዋን ቀይ ነጥብ ተጫነች።

መናገር አቃታት። ወዳጆን አስነሥታ፣ አስዘልላ፣ አፏን ስትከፍት የወጣው ድምፅ የይሥሐቅ ሱቅ ውስጥ ያለው ነው፤ ደረቅ፣ ታስቦ የተባለ። ራሷን አስመስላ እያወራች እንደሆነ ታወቃት። አጠፋችውና እንደገና ጀመረች። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ። በሦስተኛው ጭራሽ ዝም ብላ ተጫወተች፤ ጥግ ላይ ያለችው ሴት ከንፈሯን ነክሳ ታያታለች። አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሰው ሁሉ እየሰማት ኖሮ እሷ ብቻ አታውቅም ነበር፤ አሁን ስታውቅ ያ ሳታስብ የምታወራው ወግ አብሮ ተወሰደባት። ይህን እያሰበች ሳለ በሩ ተንቋቋ። ወልደ ሥላሴ ገብቶ ከኋላ ቆመ። ጋቢውን አውልቆ፣ የእሑድ ኮቱን ለብሶ ነበር።

«ይሄ ነገር እኔንም ያሳያል?» አለ።

«እዚያ ከቆሙ አያሳይዎትም።»

በርጩማ ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ። በትንሽዋ መስኮት ውስጥ ሽበቱ፣ ከዚያ ግንባሩ፣ ከዚያ ሙሉ ፊቱ ከእሷ ፊት አጠገብ ገባ። ጥሩሸዋ እጇ ቆመ። ወዳጆም ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ሰው ያውቅዎታል» አለች ቀስ ብላ። «መሳፍንት በየበዓሉ ፎቶዎን ያወጣል። አባቴ ነው እያለ። እዚህ ከኔ ጋር ካዩዎት . . .»

«አውቃለሁ» አለ። «ለዚያ ነው የመጣሁት።»

ቀይዋ ነጥብ በርታ ነበር፤ ሁለቱም አይተዋታል። ወልደ ሥላሴ ኮሌታውን አስተካከለ። ካሜራውን በቀጥታ አየውና ዓይኑን መለሰ። «ጠዋት ልነግርሽ ነበር» አለ። «የተውኩት ከነገርኩሽ ሁለት ወር እንደማውቅ ታውቂብኛለሽ ብዬ ነው። ያንቺ መሆኑን ከመጀመሪያዋ ቀን ለየሁት። ስስቅም እየጎረበጠኝ ነው። ልጄ ነው፤ ነገም ልጄ ነው። ያንቺን ግን የሱ ነው ማለት አልችልም።» ጥሩሸዋ ከመሳቢያው ሁለተኛውን ጆይስቲክ አውጥታ ገመዱን ፈታች፣ ሰካችለት፣ እጁ ላይ አኖረችው። ለሁለት የሚጫወቱበትን የሞተር ውድድር ካሴት ከተተች። ሰውዬው መሣሪያውን እንደ ዳቦ በሁለት እጁ ይዞ ገለባበጠው።

«የቱን ነው የምጫነው?»

«በስተቀኝ ያለውን። ሲጫኑት ይሄዳል፤ ሲለቁት ይቆማል።»

ተጫነ። ሞተሩ ከመስመሩ ወጥቶ በቀጥታ ግንብ ውስጥ ገባ። አስነሡት፤ ደግሞ ገባ። በሦስተኛው ወልደ ሥላሴ ከወገቡ ጀምሮ ወደ ጎን ተጣሞ፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ ሞተሩን ወደ መጣበት አዞረው።

«ኧረ ጋሼ፣ ወዴት ነው ይዘውት የሚሄዱት? ሰው ሁሉ ወዲህ ነው የሚሄድ» አለች ጥሩሸዋ። «ያ ደግሞ ዛፍ ነው፤ ዛፍ ምን አደረገዎት? እስቲ ይተዉት ይብቀል። ይኸው፣ ይኸው ደግሞ ወንዝ ውስጥ ከተቱት፤ ልብሱን ማን ሊያጥብለት ነው?» ወንድሟ ሳቁ አሸንፎት ጆይስቲኩን ለቀቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ሥራ ላይ ናት፤ የሱንም ሞተር የራሷንም ሞተር እየተቆጣች፣ ከተራራው በላይ ስለሚመጣው ደመና እያስጠነቀቀች፣ የፊተኛውን ተወዳዳሪ የማን ልጅ እንደሆነ እየጠየቀች ቀጠለች። ጥግ ላይ ያለችውን ሴት ማየት ትታለች። ውድድሩ ሲያልቅ የቀረጻውን ማቆሚያ ለመጫን እጇን ዘረጋች፤ ወልደ ሥላሴ ግን እጇን ያዝ አደረገና አንድ ዙር እንድትጨምርለት ጠየቃት።